ማን ምን ይሠራል? የአካል ጉዳት መከላከያ ፕሮግራም የሥራ ድልድል፣ ደብረ ብርሃን

ጥቅምት፣ 1ኛ ሳምንት፦ ክፍተቱን መፈለግ

ደብረ ብርሃን ያለ የክርና የጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሦስት ፈረቃ ይሠራል፦ ከጠዋቱ 12 እስከ 8፣ ከ8 እስከ ማታ 4፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት። ፕሮግራሙ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ማድረግ ነው። ሌላው የተጎዳው ሰው ጉዳቱ ከርሞ የዕድሜ ልክ እንዳይሆንበት በጊዜ መያዝ ነው። ለመጀመሪያው ባለቤት አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የደህንነት ሠራተኛ እንዲመድብ፣ ኮሚቴም እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ሁለተኛው ግን በማንም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም።

የተጀመረው ከማኅደር ነው። የቆዩ የአደጋ ፋይሎች ወጡና በእያንዳንዳቸው ላይ አራት ጥያቄ ተጻፈ፦ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? ለተጎዳው የደወለለት ማን ነው? ሥራ ይቀየርለት ያለው ማን ነው? በስንተኛው ቀን? የመጀመሪያው መልስ አለ፤ ፎርማኑ የአደጋ ፎርም ሞልቷል። የቀሩት ሦስቱ ባዶ ናቸው። ከአደጋው ፎርም ቀጥሎ ፋይሉ ውስጥ የሚገኘው ወረቀት ወይ የሐኪም ማስረጃ ነው፣ ወይ በማስታወቂያ ሰሌዳ የተለጠፈ የጥሪ ደብዳቤ ነው። በመሃል ሰውየው ቤቱ ተኝቷል። ወገብ የተያዘ ሰው በተኛ ቁጥር ጡንቻው እየደከመ፣ መንቀሳቀስ እየፈራ ይሄዳል፤ ከሥራ የራቀበት ጊዜ በረዘመ መጠን የመመለሱ ነገር እየጠበበ ይመጣል። ድልድሉ በዋናነት የሚሠራው ለእነዚያ ባዶ ሳምንታት ነው።

ሥራ አመራሩ ሰዓት እንዲፈቅድ ወጪው በብር መቅረብ ነበረበት። በሥራ ላይ አደጋ ለጊዜው መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ እንዲከፈል ያዛል። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ዓመት ሙሉ ቢተኛ 18,000 እና 13,500 እና 18,000፣ በድምሩ 49,500 ብር ነው። ሕክምናው፣ የተተኪው ደመወዝና ትርፍ ሰዓቱ ገና አልተቆጠረም። ፕሮግራሙን የሚያስተባብር ሰው የሥራ ቀኑን ግማሽ ለዚህ እንዲያውል የተፈቀደው ይህ ስሌት ከታየ በኋላ ነው።

ጥቅምት፣ 2ኛ ሳምንት፦ የመጀመሪያው ሠንጠረዥ

በኤክሴል ተሠራ። በአግድም ሥራዎቹ፣ በቁም ክፍሎቹ፦ ሰው ኃይል፣ ክሊኒክ፣ ደህንነት፣ ምርት፣ ጥገና፣ ሒሳብ፣ የሠራተኛ ማኅበር። በየሳጥኑ "ተ" (ተጠያቂ)፣ "ፈ" (ፈጻሚ)፣ "አ" (አማካሪ) ተሞላ። ለሚያየው ያምራል፤ ለሥራ ግን አልሆነም።

አንደኛ፣ የተመደበው ክፍል እንጂ ሰው አይደለም። "ምርት ክፍል ይደውላል" ማለት ማንም አይደውልም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በአንድ ሥራ ላይ ሁለትና ሦስት "ተ" አለ፤ ሁለት ተጠያቂ ያለበት ሥራ እርስ በርስ ሲጠባበቁበት ያድራል። ሦስተኛ፣ ሠንጠረዡ ቀን ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ከማታ 4 በኋላ ሰው ኃይልም፣ ሒሳብም፣ የደህንነት ኦፊሰሩም ግቢ ውስጥ የሉም።

በሁለተኛው ቅጂ እያንዳንዱ ረድፍ አምስት ነገር እንዲይዝ ተደረገ፦ የሰው ስም፣ የምትክ ስም፣ ፈረቃ፣ በሳምንት የሚወስደው ሰዓት፣ ያለ ፊርማ መወሰን የሚችለው ነገር። የመጨረሻው ዓምድ ብዙ አከራከረ፤ ግን ሥልጣን ያልተጻፈለት ሰው በሌሊት ምንም አይወስንም። ለምሳሌ የሌሊቱ ፈረቃ ኃላፊ የተጎዳን ሰው በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል ለመላክ ማንንም መጠየቅ የለበትም። ይህ በጽሑፍ ሰፈረ፤ ግልባጩ ለሾፌሩም ለጥበቃውም ተሰጠ።

ጥቅምት፣ 3ኛ ሳምንት፦ በር ላይ ያለው ወረቀት

በድልድሉ ያልታሰበ ቦታ ላይ ጥሩ ነገር ተገኘ። ከፈረቃ ማብቂያ በፊት የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ መውጫ ወረቀት ይዞ በር ላይ ያስረክባል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እጁን ጠቅልሎ የወጣ ሰው እንዳለ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው ጥበቃው ነው። አደጋ ያልመሰለውን ጉዳት፣ "ትከሻዬን ወጋኝ" ብሎ የሚወጣውን፣ ፎርማኑ ፎርም አይሞላለትም፤ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ግን "ህመም" ተብሎ ይጻፋል። ሥር የሚሰዱት የወገብና የትከሻ ጉዳቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በዝግታ የሚጀምሩት ናቸው።

ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ጥራዝ በሦስት ቅጂ ታተመ፦ ነጩ ለበር፣ ቢጫው ለሰዓት ተቆጣጣሪ፣ ሮዙ ለፕሮግራሙ። ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ቁልፍ ያለው ሣጥን ተሰቀለ። የጥበቃው ሥራ ሮዙን ሣጥን ውስጥ መክተት ብቻ ነው፤ እንዳይጠይቅ፣ እንዳይመረምር በግልጽ ተነገረው። ተጨማሪ ወጪው የማተሚያ ቤትና የሣጥን ነው። ጥበቃዎቹ በየፈረቃው ስለሚቀያየሩ መመሪያው በአማርኛ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ በበሩ ቤት መስኮት ተለጠፈ። በስብሰባ ብቻ የተነገረ ነገር ቀጣዩ ፈረቃ ጋ አይደርስም።

ጥቅምት፣ 4ኛ ሳምንት፦ አስተባባሪው ማን ይሁን

መጀመሪያ የታጨው የሰው ኃይል ኃላፊው ነበር። የማይሆንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚፈርመው እሱ ነው። "እጄ ይደነዝዛል" ብሎ ለእሱ የሚናገር ሠራተኛ አይኖርም። ቀጥሎ ነርሷ ታጨች። እሷ የሕክምና ምሥጢር ትይዛለች፤ ከፎርማን ጋር ስለ ምርት ኮታ የሚከራከር ሰው ምሥጢር ያዥ ሊሆን አይገባም። ክሊኒኩም በአንድ ነርስ ነው የሚሠራው።

የተመረጠው ከጥራት ቁጥጥር ነባር ቴክኒሺያን ነው። ፈተላውንም ሽመናውንም ያውቃል፤ የትኛው ማሽን ላይ ቆሞ፣ የትኛው ላይ ተቀምጦ መሥራት እንደሚቻል ሳይጠይቅ ይናገራል። በቀን 4 ሰዓት ከጥራት ቁጥጥር ሥራው ተቀነሰለት፤ ቅነሳው በደብዳቤ ነው። በቃል "ጎን ለጎን ሥራው" የሚባለው ድልድል ምርት ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚቀረው ነው። ጠረጴዛው ከሰው ኃይል ኮሪደር ወጥቶ ከመመገቢያ አዳራሹ አጠገብ ሆነ። ምትኩ ሴት ናት። አብዛኛው የፈተላ ሠራተኛ ሴት ስለሆነች፣ ከእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ስላለ የወገብ ህመም ለወንድ መናገር ስለሚከብድ፣ ሴት መኖሯ ግዴታ ተደረገ።

ጉዳቱ "የሥራ ነው" ወይስ "የግል ህመም ነው" የሚለውን የሚወስነው ሰው ላይ ጠንከር ማለት አስፈለገ። በግል ህመም ፈቃድ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ነው። በ6,000 ብር ደመወዝ ለስድስት ወር ሲሰላ በሥራ አደጋ 31,500 ብር፣ በግል ህመም 12,000 ብር ይሆናል። የ19,500 ብር ልዩነት በአንድ ሰው እስክሪብቶ ሊወሰን አይገባም። የደህንነት ኦፊሰሩ ይጽፋል፣ ነርሷና የማኅበሩ ተወካይ ይፈርማሉ፤ ሰው ኃይልና ሒሳብ ውጤቱን ይቀበላሉ እንጂ ውሳኔው ውስጥ አይገቡም።

ኅዳር፣ 1ኛ ሳምንት፦ ስልኩ

በ24 ሰዓት ውስጥ የሚደውለው የቅርብ አለቃው፣ ማለትም ፎርማኑ ነው። በ3ኛው ቀን አስተባባሪው ይደውላል። ፎርማኖቹ ግን "ምን ልበል?" አሉ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ከዚህ በፊት አለቃ ሲደውል ለተግሣጽ ነው። "መቼ ትመለሳለህ?" የምትለዋ ጥያቄ በተለይ፣ በቅን ልብ ብትባልም፣ ሠራተኛው ጆሮ ላይ ማስፈራሪያ ሆና ነው የምትደርሰው። ስለዚህ በካርድ ተጻፈ፦

"እንደምን አደርሽ? ይማርሽ። ክፍሉ በሙሉ ሰላም ብሎሻል። ቦታሽ አለ፣ ስለ እሱ አታስቢ። ሐኪም ያየሽው የት ነው? ወረቀት ሰጡሽ? የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ለአስተባባሪው እነግራለሁ፤ ከነገ ወዲያ እሱ ራሱ ይደውልልሻል።"

ከዚህ በላይ አይጠየቅም። የምርመራ ውጤት አይጠየቅም። በዕድሜ ለሚበልጡ "አንቱ" ይባል፤ ወጣት ፎርማን አባቱ የሚሆኑትን ሰው በስልክ "አንተ" ካለ ካርዱ ራሱ ዋጋ የለውም።

ስልክ የማይሠራበት ሁኔታ ቶሎ መጣ። የታመመ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል፦ ወደ ደነባ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ አንኮበር ገጠር። ጸበል የሚገባም አለ፤ ፃድቃኔ ማርያም የሄደ ሰው ሱባኤውን ሳይጨርስ አይመለስም። ይህን እንደ ጥፋት ቆጥሮ "ጠፍቷል" ብሎ መመዝገብ ጉዳዩን ያበላሻል። በሠራተኛው መረጃ ካርድ ላይ ሁለተኛ ስልክ (የዘመድ ወይም የጎረቤት) ተጨመረ። ከመሄዱ በፊት የሚመለስበትን ሰሞን ለአስተባባሪው እንዲነግር፣ የታዘዘለትን መድኃኒትም ይዞ እንዲሄድ ነርሷ ታሳስባለች።

ወጌሻን በተመለከተ "አትሂዱ" የሚል ማስታወቂያ አይሠራም፤ ሰው ይሄዳል። ለየፈረቃው የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ የተሰጠው ሥራ ሁለት ነው፦ ስብራት የሚያጠራጥር ነገር ካለ አስቀድሞ ራጅ እንዲነሳ ከሾፌሩ ጋር መላክ፤ በወጌሻ ለታሰረ እጅ ወይም እግር ደግሞ ምልክቶቹን ማስተማር። ከእስሩ ወዲያ ያሉ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ህመሙ እየባሰ ከሄደ በዚያው ሰዓት እስሩ ይፈታ፣ ሆስፒታል ይኬድ። ጠብቆ የታሰረ ነገር ደም ያቋርጣል፤ ሥጋው ይሞታል፤ መጨረሻው መቆረጥ ነው። ቀላል የነበረ ስብራት የአካል ጉዳት የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ መንገድ ነው፤ መከላከያው ግን ጣት ነክቶ ማየት ብቻ ነው።

ኅዳር፣ 3ኛ ሳምንት፦ ጥገናን ማስገባት

በሮዙ ወረቀት ከማሸጊያ ክፍል ተደጋግሞ የሚመጣው ወገብ ነው። ካርቶኑ 24 የክር ጥቅል (ኮን) ይይዛል፤ አንዱ ኮን 1.5 ኪሎ ሲሆን 36 ኪሎ ከመሬት ይነሳል። የአሜሪካው ናዮሽ (የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም) ያወጣው የማንሳት ቀመር መነሻው በጥሩ ሁኔታ 23 ኪሎ ነው። ሸክሙ ከቁርጭምጭሚት 25 ሳንቲሜትር ሳይሆን 50 ሲርቅ በግማሽ ይቀንሳል፤ እጅ ከመሬት ሲጀምር ደግሞ በ0.775 ይባዛል። 23 × 0.5 × 0.775 ሲሆን ወደ 8.9 ኪሎ ይወርዳል። ድግግሞሹና ወገብ መጠምዘዙ ሲጨመር ከዚያም ያንሳል። ቀመሩ የተሠራው ከ19 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ላለው ክፍል ነው። በኅዳር ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር፣ በሩ ለፎርክሊፍት በሚከፈትበት መጋዘን፣ 8.9ኙም ብዙ ነው።

መፍትሔው ካርቶኑን ወደ 12 ኮን (18 ኪሎ) ማውረድና በ75 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ ማስቀመጥ ሆነ። ከ40 በ40 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ብረት መደርደሪያ ተበየደ፤ ከፊቱ ለእግር ጣት መግቢያ 10 ሳንቲሜትር ክፍተት ተተወ። ያ ክፍተት ከሌለ ሰው ወደ ሸክሙ መጠጋት ስለማይችል አግድም ርቀቱ ያው 50 ይሆናል። የመጀመሪያው መደርደሪያ ያለ ክፍተት ተበይዶ መጣና ተመለሰ።

መደርደሪያው መዘግየቱ ግን የድልድል ጉዳይ ነበር። ጥገና ክፍል የሚቀበለው የሥራ ትዕዛዝ "ማሽን ቆሟል" የሚለውን ብቻ ነው፤ ማሽን ያላቆመ ነገር ሁሉ ወረፋው ላይ ይተኛል። አሁን የፕሮግራሙ ትዕዛዝ ራሱን የቻለ ብርቱካናማ ቅጽ አለው። ከጥገና አንድ መካኒክ በስም ተመድቧል፤ በ7 ቀን ውስጥ ይሠራል ወይም የማይሠራበትን ምክንያት ጽፎ ይመልሳል። ያንሳ ይብዛ ሳይባል መልስ መኖሩ ነው የተፈለገው።

ኅዳር መጨረሻ፦ "ቀላል ሥራ ይሰጠው"

ከሆስፒታል የሚመጣው ወረቀት ይህን ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ፎርማኑ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ ሐኪሙም የእኛን ሥራ አያውቅም። አስተባባሪው ከነርሷ ጋር የተግባር አቅም ቅጽ አዘጋጀ። የመጀመሪያው ሁለት ገጽ ሲሆን ባዶውን ተመለሰ። በተመላላሽ ሕክምና ወረፋ ላይ ያለ ሐኪም ሁለት ገጽ አይሞላም። አሁን ስድስት መስመር ነው፦ ስንት ኪሎ ያነሳል፤ ሳይቀመጥ ስንት ደቂቃ ይቆማል፤ እጁን ከትከሻ በላይ ያነሳል ወይ፤ ሌሊት ይሠራል ወይ፤ አቧራና ጩኸት ያለበት ይገባል ወይ፤ እስከ መቼ። ከጀርባው ሠራተኛው የሚሠራበት ማሽን በአምስት ዓረፍተ ነገር ተገልጿል። ሐኪሙ ምልክት ያደርጋል፣ ይፈርማል።

የምርመራው ስም ቅጹ ላይ የለም፤ ክሊኒክ ውስጥ ይቀራል። ፎርማኑ የሚያየው "5 ኪሎ፣ 30 ደቂቃ፣ ሌሊት የለም፣ እስከ ታኅሣሥ 20" የሚለውን ብቻ ነው። ለሥራው ያ ይበቃዋል።

ታኅሣሥ፣ 2ኛ ሳምንት፦ ፎርማኑና ሒሳቡ

እዚህ ላይ ፕሮግራሙ ሊቆም ደርሶ ነበር። ሠራተኞች በቅጹ ተመለሱ፤ ፎርማኖች አልቀበል አሉ። ክፋት አይደለም። አምስት ኪሎ ብቻ የሚያነሳው ሰው በኮታው ላይ እንደ ሙሉ ሰው ይቆጠርበታል፤ ምርቱ ሲጎድል የሚጠየቀው ፎርማኑ ነው። በሌላ በኩል የተመለሰችው ሠራተኛ ከማሽን ስለተነሳች የምርት ቦነሷን ታጣለች፤ ስለዚህ ሌሎች ጉዳታቸውን መደበቅ ጀመሩ። ድልድሉ ትክክል ሆኖ የሒሳብ አሠራሩ ከሚቃወመው የሚያሸንፈው ሒሳቡ ነው።

ሁለት ነገር ተለወጠ። በቀላል ሥራ ላይ ያለ ሰው እስከ 6 ሳምንት ድረስ ከፎርማኑ ኮታ ውጭ ሆኖ ደመወዙ በፕሮግራሙ ኮድ ይከፈላል። ቦነሱ ደግሞ ካለፉት 3 ወራት አማካይ ተሰልቶ ይቀጥላል። ሁለቱንም የሚያስፈጽም አንድ የደመወዝ ሠራተኛ በስም ተመደበ፤ በወሩ 20 ላይ ዝርዝሩን ከአስተባባሪው ይቀበላል። ቀኑ ካለፈ ቦነሱ ወደ ሚቀጥለው ወር ይተላለፋል፤ አንድ ወር የተጓደለበት ሰው ደግሞ በፕሮግራሙ አያምንም።

ቀላል ሥራ ተብሎ መጀመሪያ የተሰጠው ግቢ መጥረግ ነበር። ወገብ ለተያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ መጥረግ ከማሽኑ የባሰ ነው፤ በጓደኛ ፊትም ያሳንሳል። አስተባባሪው ከየክፍሉ ፎርማን ጋር ዞሮ እውነተኛ ሥራዎችን መዘገበ፦ የኮን መለያ ወረቀት መለጠፍ፣ ተቀምጦ የጨርቅ እንከን ማየት፣ የመለዋወጫ ካርድ መሙላት፣ አዲስ ገቢ ማለማመድ። እያንዳንዱ በኪሎ፣ በቁመት ደቂቃና በፈረቃ ተለክቶ ከሐኪሙ ቅጽ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። በየሳምንቱ ዓርብ ለ15 ደቂቃ አስተባባሪው፣ ፎርማኑና ሠራተኛው ተቀምጠው ኪሎውንና ደቂቃውን ከፍ ያደርጋሉ፤ የማኅበሩ ተወካይ ይገኛል። ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ ቀድሞው መመለስ ካልተቻለ ጉዳዩ ወደ ቋሚ የሥራ ማመቻቸት ይሄዳል፤ የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚነሳው እዚህ ነው።

ታኅሣሥ፣ 4ኛ ሳምንት፦ ጆሮና ሳንባ

እነዚህ በመውጫ ወረቀት አይመጡም። መወርወሪያ ያላቸው አሮጌ የሽመና ማሽኖች ባሉበት አዳራሽ ለ8 ሰዓት የሚመከረው የጩኸት ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው፤ በናዮሽ ስሌት በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ በ88 አራት ሰዓት፣ በ91 ሁለት ሰዓት። የመስማት ምርመራ ከ14 ሰዓት ጸጥታ በኋላ ካልተደረገ ጊዜያዊ ድንዛዜው ከቋሚው ጉዳት ጋር ይምታታል። የጥጥ አቧራ የሚያመጣው የደረት መጨነቅ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ከዕረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ነው።

በሕክምና መጽሐፍ "ሰኞ" የሚባለው ያ ቀን በተዘዋዋሪ ፈረቃ ሰኞ አይደለም፤ ለአንዱ ረቡዕ፣ ለሌላው ቅዳሜ ነው። ነርሷ ይህን ብቻዋን ልታውቅ አትችልም። ስለዚህ ሰዓት ተቆጣጣሪው ተጨመረ፦ በየሳምንቱ ሐሙስ በቀጣዩ ሳምንት ከዕረፍት የሚመለሱትን በስምና በቀን ለክሊኒኩ ይሰጣል። ነርሷ ፈረቃ ሲገቡና ሲወጡ ሦስት ጥያቄ ትጠይቃለች፦ ደረትሽን ያፍንሻል? ያስልሻል? በሁለተኛው ቀን ይቀልልሻል? "አዎ" ያለች ሁሉ ለሳንባ አቅም ምርመራ ትላካለች። ሰዓት ተቆጣጣሪው ለዚህ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ዝርዝሩ አስቀድሞ እጁ ላይ አለ።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፦ ያልተዘጉ

ማቅለሚያ ክፍል የሌሊት ምትክ የለውም፤ የታጨው ወደ ሌላ ፈረቃ ተዛወረ። ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር ድልድሉ ስለሚፈርስ ሰው ኃይል የዝውውር ደብዳቤ ሲያወጣ ግልባጭ ለአስተባባሪው እንዲደርስ ተጠይቋል፤ ገና አልተፈረመም።

በክራንች ያለ ሰው የሰርቪስ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አይወጣም። የመጀመሪያው ደረጃ ከመሬት 40 ሳንቲሜትር ነው። ከአንድ መካኒክ ጋር 20 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው፣ ላዩ የማያንሸራትት መረገጫ እየተሠራ ነው። ሾፌሩ አውርዶ የሚያነሳው ስለሆነ ክብደቱ ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ ተነግሯል፤ ሥራውም በሾፌሩ መዘርዝር ላይ ይጻፋል። እስከዚያ ድረስ በክራንች ያሉትን የቀኑ ፒክአፕ ከየቤታቸው ያመጣል፤ ስማቸውን ማታ 12 ሰዓት ላይ ለስምሪት የሚያስተላልፈው አስተባባሪው ነው።

ለፎርማኖች የ45 ደቂቃ ሥልጠና ለሦስቱም ፈረቃ ይደገማል፤ የሌሊቱ የሚሰጠው ማታ፣ ፈረቃው ከመግባቱ በፊት ነው። ሌሊት ሲሠሩ ያደሩትን ጠዋት ማስቀመጥ ተሞክሮ ሰው ተኝቷል።